እርሙን ያላወጣ ልጅ፦ ስለ ሆልደን ብስለት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ነዎት መምህር? እዚህ ሐዋሳ አልፎ አልፎ እየተገናኘን መጽሐፍ የምንወያይ ልጆች አለን። ባለፈው የጄ. ዲ. ሳሊንጀርን ‹ዘ ካቸር ኢን ዘ ራይ› አንብበን ልንጣላ ምንም አልቀረንም። ግማሾቻችን ሆልደን የሀብታም ልጅ፣ ቀበጥ፣ ምንም ያልበሰለ ነው አልን። የቀሩት ደግሞ በዙሪያው ካሉት አዋቂዎች ሁሉ የበሰለው እሱ ነው ብለው ድርቅ አሉ። ሚስተር አንቶሊኒ የሚባለው መምህር ወረቀት ላይ ጽፎ የሰጠው አባባልም አለ። ያልበሰለ ሰው ለአንድ ዓላማ በክብር መሞት ይሻል፣ የበሰለው ግን ለዓላማው በትሕትና መኖር ይሻል የሚለው። ደራሲው መልሱን እዚያ አስቀምጦልናል ማለት ነው? በመጨረሻስ ልጁ በሰለ ወይስ አልበሰለም?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ በመጽሐፍ መጣላታችሁ ደስ ብሎኛል። ሰው በኳስና በፖለቲካ ብቻ በሚኳረፍበት ጊዜ ይሄም አንድ ነገር ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህን መጽሐፍ ባነሳሁ ቁጥር ክፍሉ እንደ እናንተው ለሁለት ይከፈላል። የእኔን አቋም ቀድሜ ልንገርሽ። ሆልደን ልጅ ነው። ልጅነቱ ግን ስድቡ፣ መጠጡና ገንዘብ መበተኑ ላይ አይደለም። ብስለቱም ቢሆን አዋቂውን ሁሉ «አስመሳይ» እያለ መናቁ ላይ አይደለም። ሁለታችሁም ወገኖች የምትፈልጉት የተሳሳተ ቦታ ይመስለኛል።

ላላነበባችሁት በአጭሩ። መጽሐፉ የወጣው በ1951 (እ.ኤ.አ.) ነው። የ16 ዓመቱ ሆልደን ኮልፊልድ ከአምስት ትምህርት አራቱን ወድቆ ፔንሲ ከሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ይባረራል። የገና ዕረፍት ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቷል። ቤተሰቡ መባረሩን ገና ስላልሰማ ኒውዮርክ ሄዶ ሆቴል ይይዛል። ይጠጣል፣ ይዋሻል፣ ይደበደባል፣ ያለቅሳል። በመጨረሻ ሹልክ ብሎ ቤት ገብቶ የ10 ዓመት እህቱን ፊቢን ያገኛል። ታሪኩን የሚያወራልን 17 ዓመት ሞልቶት፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካረፈበት የማገገሚያ ቦታ ሆኖ ነው።

የቀበጥነቱን ነገር እናንሳ። ሐዋሳ ላይ ሆኖ የሚያነበው ሰው ቢበሳጭ አልፈርድበትም። አሞራ ገደል ዓሣ ሲያጸዳ ውሎ ማታ ክፍል የሚገባ የ16 ዓመት ልጅ እዚሁ አለ። ስለ ኒውዮርክ ጠበቃ ልጅ ብሶት ብታወሪለት «ታዲያ ምን ጎደለበት?» ይልሻል። ደራሲውም ይህን ያውቃል። ምዕራፍ 15 ላይ ሆልደን በርካሽ ሻንጣ ስለሚሸማቀቅ አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛው ያወራል። ልጁ እንዳያፍር ብሎ ሆልደን የራሱን ውድ ሻንጣ አልጋ ሥር ይደብቃል። ልጁ ደግሞ ሰው የሱ እንዲመስለው እያወጣ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ቀበጥ ልጅ የሰው ሻንጣና የሰው ሐፍረት እንዲህ አያስተውልም። ደግሞም ኃላፊነት የተጫነበት ልጅ ሁሉ በስሏል ማለት አይደለም። ልጅ ለመሆን ጊዜ አጥቶም ሊሆን ይችላል።

ሆልደን ራሱ ብስለት የሚመስለውን ነገር ሲሞክር ማየት ያስቃል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ89 ገደማ ነው፣ በአንድ ወገን ሽበት አለው፣ እነዚህን እንደ መታወቂያ ይጠቀምባቸዋል። ስልክ ላይ ድምፁን ያጎረንናል። የሆቴሉ የምሽት ክበብ ገብቶ ዊስኪ ሲያዝ አስተናጋጁ ዕድሜውን የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቀዋል፣ የደረሰው ኮካ ኮላ ነው። እዚያው ሆቴል ሴተኛ አዳሪ ክፍሉ ድረስ ትመጣለታለች። ሰኒ ትባላለች፣ እሷም ያው ልጅ ናት። አረንጓዴ ቀሚሷን አውልቃ «ስቀልልኝ» ትለዋለች። ሲሰቅለው ያዝናል። ቀሚሱን ልትገዛ ሱቅ ስትገባና ሻጩ እንደማንኛዋም ልጅ ሲያያት ይታየዋል። ከዚያ በኋላ ማውራት ብቻ ነው የፈለገው። አብሮት የሚያድረው ስትራድሌተር ቢሆን ቀሚሱን ዞር ብሎም አያየው። ስትራድሌተር በሰው ዓይን የጎለመሰ ወንድ ነው፣ ከሴት ጋር መውጣት ያውቅበታል። ሆልደን ይወዳት የነበረችውን ጄንን ስትራድሌተር ይዟት ሲወጣ ግን ሆልደን የጠየቀው ዳማ ስትጫወት ንጉሦቿን ኋላ መስመር ላይ ማስቀመጧን አልተወች እንደሆነ ነው። ስትራድሌተር ስሟን እንኳ በትክክል አልያዘም።

በስሜት ቀድሞ የሄደ፣ በድርጊት ኋላ የቀረ ልጅ አለ ማለት ነው። ችግሩ ሁለቱን ማገናኘት አለመቻሉ ነው። ምዕራፍ 17 ላይ ሳሊ የምትባለዋን ልጅ አሁኑኑ አብራው ጫካ አካባቢ ጎጆ ይዛ እንድትኖር ይለምናታል። ሳሊ ገንዘቡ ሲያልቅ ምን እንበላለን፣ ኮሌጅ ጨርሰን ብዙ ጊዜ አለን ትለዋለች። ቃል በቃል ልክ ናት። እናቶቻችንም የሚሉት እሱኑ ነው። ግን ፊት ለፊቷ ያለው ልጅ እየሰመጠ መሆኑ አልታያትም። እሱም መስመጡን ከመናገር ይልቅ ስድብ ይሰድባትና ታለቅሳለች። እዚህ ትዕይንት ላይ የበሰለው ማን ነው ብለሽ ክበቡን ጠይቂልኝ እስቲ። ለእኔ ሁለቱም አይደሉም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ምዕራፍ 2 ላይ ሆልደን አንድ ነገር ጣል አድርጎ ያልፋል። 17 ዓመት ሞልቶትም አንዳንዴ እንደ 13 ዓመት ልጅ እንደሚሆን ይናገራል። አንባቢ ቀልድ መስሎት ገጹን ይገልጣል። ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ ታናሽ ወንድሙ አሊ በደም ካንሰር መሞቱን ይነግረናል። በትምህርት የወደቀው፣ ሁሉን የሚረሳው ልጅ ቀኗን አልረሳትም። ጁላይ 18 ቀን 1946 ናት። አሊ 11 ዓመቱ ነበር። ሆልደንስ? 13።

ሳሊንጀር ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አላስቀመጠልንም። በትኗቸው ነው የሄደው። ገጣጥመን ስናያቸው ግን ያ ቀልድ ቀልድ መሆኑ ይቀራል። አሊ በሞተበት ሌሊት ሆልደን ጋራዥ ውስጥ ተኛ፣ የጋራዡን መስኮቶች በሙሉ በቡጢ ሰባበረ። የመኪናውንም ሊሰብር ሞክሮ ነበር፣ እጁ ተሰብሮ ስለነበር አልቻለም። ዛሬም ዝናብ ሲመጣ ያመዋል፣ ቡጢ አጥብቆ መጨበጥ አይችልም። ብዙ አንባቢ የሚያልፋት ነገር ያለችው ምዕራፍ 20 ላይ ነው። በዚያ እጅ ምክንያት ሆስፒታል ተኝቶ ስለነበር የወንድሙ ቀብር ላይ አልነበረም።

እዚህ ላይ የእኛ አንባቢ ከአሜሪካዊው ይቀድማል ባይ ነኝ። ቀብር ያልደረሰ ሰው ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ለዚህ ነው ዘመድ ተሰብስቦ መርዶ የሚነግረው፣ ድንኳን የሚጣለው፣ ሰልስቱና አርባው የሚወጣው። ዓመት ቆይቶ ከውጭ የመጣ ሰው እንኳ እንደ አዲስ ይለቀስለታል። ሆልደን ይህን ሁሉ አላገኘም። እርሙን አላወጣም። ስለዚህ ያገኘው ነገር ሁሉ ላይ ያወጣዋል፤ በገዛው ሸክላ መሰበር፣ በመነኮሳቱ ቁርስ፣ በሰኒ ቀሚስ ያዝናል። (እኛም ብንሆን ልጅ ነው ብለን ታናናሾችን ከለቅሶ ቤት አርቀን ጎረቤት የምናሳድርበት ጊዜ አለ። እሱ ልጅ የት እንደሚያለቅስ የሚጠይቅ የለም።)

የዳክዬዎቹም ነገር ከዚሁ አይርቅም። ሴንትራል ፓርክ ያለው ኩሬ በረዶ ሲሆን ዳክዬዎቹ የት ይሄዳሉ እያለ የታክሲ ሾፌሮችን ያደርቃል። እዚህ ክፍል ውስጥ ሳነበው ተማሪ ይስቃል። የሐዋሳ ሐይቅ በረዶ አይሆን፣ አባ ኮዳው ክረምት ከበጋ የዓሣ ገበያው አጠገብ ቆሟል፣ ጥያቄው ትርጉም አይሰጣቸውም። ከአሊ ሞት ጋር ስናነበው ግን ዝም ይላሉ። ብርድ ላይ የቀረውን ማን ያስገባዋል ነው ጥያቄው።

ስለዚህ አንዳንዴ እንደ 13 ዓመት ልጅ የሚሆነው እዚያ ቀርቶ ነው። ቤተ መዘክሩን የሚወደውም ለዚህ ነው፤ መስታወት ውስጥ ያለው ነገር መቼም አይለወጥም፣ አይሞትም። ለእኔ የሆልደን ያለመብሰል ትርጉም ይሄ ነው። ጊዜ እንዲቆም መፈለጉ ነው። ሲያድጉ ሰዎች ይከፋሉ ይላል እንጂ ከሥሩ የፈራው ሲያድጉ ሰዎች ይሞታሉን ነው። ያልሞቱትም ይቀያየራሉ።

አሁን የአንቶሊኒን ወረቀት እንየው። አንቶሊኒ እንደሚለው አባባሉን የተናገረው ዊልሄልም ስቴክል የተባለ የቪየና የሥነ ልቦና ሐኪም ነው፣ ከፍሮይድ የመጀመሪያ ተከታዮች አንዱ። አዎ፣ ደራሲው ቁልፍ ሰጥቶናል። ግን ቁልፉን የያዘው ሰው ማን እንደሆነ አትርሺ። ሆልደን በፊት በተማረበት ትምህርት ቤት ጄምስ ካስል የሚባል ቀጭን ልጅ ነበር። ስለ አንድ ጉረኛ የተናገረውን ቃል አላነሳም ብሎ፣ ልጆች ክፍሉ ገብተው ሲያሰቃዩት በመስኮት ዘለለ። ሲሞት የለበሰው ከሆልደን የተዋሰውን ሹራብ ነው። ማንም ሊጠጋው አልደፈረም። ኮቱን አውልቆ ያለበሰው፣ ተሸክሞም እስከ ሐኪም ቤቱ የወሰደው አንቶሊኒ ነው። ኮቱ ደም በደም ስለመሆኑ ግድ አልሰጠውም።

ስለዚህ አንቶሊኒ በክብር ስለ መሞት ሲያወራ ጥቅስ እየጠቀሰ አይደለም። አንዱን በእጁ ተሸክሟል። ሁለተኛው፣ ማለትም ሆልደን፣ በዚያ ሌሊት ቤቱ ሊያድር መጥቶ ፊቱ ተቀምጧል። ፊቢ «የምትወደውን አንድ ነገር ጥቀስ» ስትለው ሆልደን ትዝ ያሉት መነኮሳቱና ይኸው ጄምስ ካስል ናቸው። ለሷ ጮክ ብሎ የመለሰላት ግን አሊን ነው። አንዱ ሟች በልቡ፣ ሌላው በአፉ። ምዕራፍ 18 ላይ ደግሞ ሌላ ጦርነት ቢመጣ በፈቃደኝነት አቶሚክ ቦምቡ ላይ እቀመጣለሁ ይላል። ሳሊንጀር ራሱ በ1944 ኖርማንዲ ላይ ከባሕር የወረደ ወታደር ነበር። በክብር መሞት የሚለው ነገር እሱ ዘንድ የወረቀት ወሬ አይደለም።

በትሕትና መኖር ሲባል አሜን ብሎ መቀመጥ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው ጉዱ ካሳን ያውቀዋል። የዘመኑን ሥርዓት ከሆልደን ባላነሰ ምላስ ይነቅፋል፣ አገሩ እብድ ይለዋል፣ እሱ ግን እዚያው በሚነቅፋቸው ሰዎች መሀል ይኖራል፤ በዛብህን የሚመክረውም እሱ ነው። ሆልደን ያሰበውን ደግሞ እይ። ወደ ምዕራብ ሄዶ፣ መስማትና መናገር የማይችል መስሎ፣ ማንም የማያናግረው ሰው ሆኖ መኖር። ንዴታቸው ይመሳሰላል። አኗኗራቸው አይገናኝም።

በነገራችን ላይ የሥነ ልቦና ሰዎችም ሩቅ አይደሉም። ኤሪክ ኤሪክሰን «እኔ ማን ነኝ» የሚለው ቀውስ የጉርምስና ዋና ሥራ ነው ብሎ የጻፈው ሳሊንጀር ይህን ከማሳተሙ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1950 ነው። ዴቪድ ኤልካይንድ ደግሞ በ1967 ጎረምሳ የራሱን ሕመም ዓለም አይቶት የማያውቅ አድርጎ እንደሚያይ ጻፈ። አንቶሊኒ በዚያ ሌሊት የነገረው ይህንኑ ነው፤ በሰው ልጅ ሥራ ግራ የተጋባህና የተጸየፍክ የመጀመሪያው አንተ አይደለህም አለው። ጥሩ ምክር ነው። ሰጪው ግን ጠጥቷል፣ ሰሚው ደክሞታል። ሌሊት ነቅቶ አንቶሊኒ በጨለማ ራሱን ሲዳብሰው ሲያገኝ ሆልደን ደንግጦ ይፈረጥጣል።

እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ የሚሆነው ነው። እስካሁን ሰውን በአንድ ቃል ሲፈርጅ የኖረ ልጅ፣ ባቡር ጣቢያ ተኝቶ ሲነሳ ይጠራጠራል። ምናልባት ተሳስቼ ይሆን? ቢሆንስ እንኳ፣ በሌሊት ደውዬ አልተቆጣኝም፣ የጄምስ ካስልን ሬሳ ያነሳው እሱ ነው ይላል። ስለ አንቶሊኒ ትክክሉ የቱ እንደሆነ መጽሐፉ አይነግረንም። አንድን ሰው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ጊዜ አሰበው። በመጽሐፉ ውስጥ ብስለት ፈልጉ ብባል ጣቴን መጀመሪያ የማኖረው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ምዕራፍ 25 ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሆልደን በፊቢ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የተጻፈ ስድብ ያይና በእጁ ያጠፋዋል። ሌላ ቦታ ያገኘው በቢላ የተፋቀ ነው፣ አይጠፋም። ሦስተኛውን ቤተ መዘክሩ ውስጥ ያገኘዋል፣ ያ የማይለወጠው ቦታ ማለት ነው። ሚሊዮን ዓመት ቢኖረኝ ግማሹን እንኳ አላጠፋም ይላል። ይሄ ልጅ ትናንት ማታ ነው እኮ ለፊቢ ሕልሙን የነገራት፤ አጃ ማሳ ውስጥ የሚጫወቱ ሺህ ልጆች ወደ ገደሉ ሲሮጡ አንድ በአንድ የሚይዝ ሰው መሆን። ሺህ ልጅ ማዳን ፈልጎ አንድ ግድግዳ አቃተው።

ከዚያ ፊቢ ሻንጣ እየጎተተች ትመጣለች። አብሬህ እሄዳለሁ ትላለች። እዚህ ጋ ሆልደን ይናደዳል፣ ዝም በይ ይላታል፣ ሊጠላት ምንም አይቀረው። ለምን? እቅዱን በእህቱ ላይ ሲያየው እብደት መሆኑ ታየው። ድራማዋ ሊቀር፣ ትምህርቷ ሊቀር ነው። ስለዚህ የትም አልሄድም፣ ወደ ቤት ነው የምሄደው ይላታል። የራሱን ሕይወት ለማዳን ያላደረገውን ለሷ ሲል አደረገው። ዓላማው ሺህ ልጅ መሆኑ ቀርቶ አንዲት የተቆጣች ልጅ ሆነች። የስቴክል አባባል በድርጊት የተመለሰው እዚህ ይመስለኛል፣ ሆልደን ወረቀቷን ትዝም ሳይለው።

መጨረሻ ላይ ፊቢ ከእንጨት የተሠሩ ፈረሶች የሚሽከረከሩበት መጫወቻ ላይ ትወጣለች። ልጆቹ በዙሩ መሀል የወርቅ ቀለበት ለመያዝ እጃቸውን ይሰዳሉ። ልትወድቅ ትችላለች። ሆልደን ይፈራል፣ ግን ምንም አይላትም፤ ልጅ ቀለበቱን መያዝ ከፈለገ ይተው፣ ከወደቀም ይውደቅ፣ መናገር ግን መጥፎ ነው ይላል። ያ ሁሉን ያዥ ነኝ ባይ! ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ ወላጆች ሁሉ ወደ ጣሪያው ይሮጣሉ፣ እሱ አግዳሚው ላይ ይቀራል። ምዕራፍ 20ን መልሰሽ ብታይ አሊ መቃብር ላይም ዝናብ ጥሎ ነበር። ጠያቂው ሁሉ ወደ መኪናው ሮጦ፣ ሬዲዮውን ከፍቶ፣ ራት ሊበላ ሄደ። አሊ ብቻውን ቀረ። ሆልደንን ያሳበደው ያ ነው። አሁን እሱ ከዝናቡ አልሸሸም። ያልቆመበትን ቀብር አሁን የቆመ ይመስለኛል። ይሄን እንደ እኔ ንባብ ውሰጂው፣ ደራሲው አልተናገረውም።

ታዲያ በሰለ ወይ? እኔ በሰለ አልልም፣ ጀመረ እላለሁ። ከዚያ በኋላም ይታመማል። የሚያወራን የ17 ዓመቱ ልጅ ያው ነው፣ ምላሱ አልተገራም፣ «አስመሳይ» ማለቱን አልተወም። ሌላ ደራሲ ቢሆን ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ሁሉ የገባው ተራኪ አምጥቶ ያብራራልን ነበር። ሳሊንጀር ግን ይህን ከልክሎናል፣ በድርጊቱና በትረካው መሀል ያለው ጊዜ ጥቂት ነው። በመስከረም ትምህርት ስትገባ ትበረታለህ ወይ ሲሉት ሳላደርገው እንዴት አውቃለሁ ይላል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ግዴለሽነት ያነበዋል። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ ያልዋሸባት መልስ ትመስለኛለች። ደግሞ ስለ እነሱ ያወራኋቸው ሰዎች ሁሉ ናፈቁኝ ይላል፣ የደበደበውን የሆቴሉን የሊፍት ሠራተኛ ሞሪስን ሳይቀር።

ለሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። ምዕራፍ 5ን፣ ከ20 ላይ የመቃብሩን ገጽ፣ ከ22 ላይ የጄምስ ካስልን፣ ከዚያም 25ን ሙሉውን በተከታታይ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ቀበጥ ነው ያሉት ያንብቡ፣ የበሰለ ነው ያሉት ያዳምጡ። ከዚያ በኋላም ብትጣሉ ችግር የለውም። ምናልባት ያኔ የምትጣሉት ስለ ፊቢ ይሆናል። እኔን ካነጋገርሽኝ ከሁሉም ቀድማ ያየችው እሷ ናት፤ ምንም የምትወደው ነገር የለህም ብላ ፊት ለፊት የነገረችው የ10 ዓመት ልጅ ናት።